ስለ ቀደሙት የተራራ ቢስክሌት ሞዞዎች፤ እንዴት ተለይተው እንደሚታወቁ፣ እንደሚፈቱና እንደሚጠበቁ

ቢስክሌትን የሚመለከት ሰው ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በቴላዮው ቀለምና በጎማው ላይ ስለ ሆነ፣ የመንኮራኩሩ ሽቦዎች ሁሉ የሚሰበሰቡበትን፣ ፔርኖውን በማእከሉ የያዘውን፣ ኩሽኔታውንና ግራሶውን በውስጡ የሰወረውን ሞዞ ልብ ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ነገር ግን የተራራ ቢስክሌት በተወለደበትና ባደገበት ዘመን፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ ፍጻሜ ድረስ፣ የጠቢባኑ ትግል የበረታው በዚሁ በተሰወረው ስፍራ ነበር። ጭቃ፣ ውሃ፣ ሙቀትና የቁልቁለት ንዝረት ተባብረው የሚያጠቁት ሞዞውን በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን መከላከያ ሲያስብ፣ አንዱ ሌላውን ፈጽሞ የማይመስል ብዙ ዓይነት ሞዞ ተሠራ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ በየመጋዘኑና በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው ይገኛሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ አንዱ በእጅዎ ገብቶ እንደ ሆነ፣ ቁልፍ ከማንሣትዎ አስቀድሞ ሞዞው የትኛውን ችግር ድል ለመንሣት እንደ ተሠራ ይወቁ። የአሠራሩን ምክንያት የተረዳ ሰው የቱ ዳዶ በፊት እንደሚፈታ፣ የቱ ቀለበት ፈጽሞ እንደማይነካ፣ ግራሶ የት እንደሚበዛና የት እንደሚያንስ ከሥራው ጠባይ ይገነዘባል፤ ምክንያቱን ሳይረዳ በኃይል የተነሣ ግን፣ ሠሪው ምናልባት ከሥራው ዓለም ከወጣ ብዙ ዘመን ያለፈውንና ምትክ የማይገኝለትን ዕቃ በአንድ ቅጽበት ያበላሻል።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ መፍታት ሳይሆን መለየት ነው። ነጭ ጋዝ በነካው ጨርቅ የሞዞውን አካል ጠርገው፣ የተቀረጸውን ስምና ቍጥር ያንብቡ። ቀጥሎ በካሊብሮ በሁለቱ የዳር ዳዶዎች ውጫዊ ፊቶች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ የፊት ሞዞ በአብዛኛው 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የኋላው ግን ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራል። ወደ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ በአብዛኛው አንድ ማርሽ ብቻ የሚሸከም፣ ፍሬኑን በውስጡ የያዘ አሮጌ ሞዞ ነው፤ 126 ወይም 130 ከሆነ የማርሹ ቍጥር ገና ባልበዛበት ዘመን የተሠራ ነው፤ 135 ከሆነ የተራራ ቢስክሌት ሥርዓት ከጸና በኋላ የመጣ ነው። ከዚህ በኋላ ፔርኖውን በሁለት ጣት ይዘው እጅግ በዝግታ ያዙሩት። አሸዋ እንዳለበት ሆኖ የሚንኰሻኰሽ ከሆነ ማጽዳት ሊያድነው ይችላል፤ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ እየቆመ እየዘለለ የሚዞር ከሆነ ግን ውስጡ ተቦርብሯልና ማጽዳት ብቻውን አይበቃውም። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የሞዞውንም ፎቶግራፍ በሁለቱም ወገን ያንሡ።

ከሞዞው ጎን ወጥቶ በቴላዮው ላይ የሚታሰር አጭር የብረት ክንድ ካዩ፣ በእጅዎ ያለው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ ፍሬን የሚይዝ ሞዞ ነው። የተራራ ቢስክሌት ታሪክ ከዚህ ይጀምራልና በዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት የተገባ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች፣ ጎማቸው ወፍራም የሆነ የ1930ዎቹንና የ1940ዎቹን ከባድ ቢስክሌቶች እየሰበሰቡ በቁልቁለት ይጋልቡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 1976 በፌርፋክስ ከተማ አጠገብ በሰዓት የሚለካ ውድድር ጀመሩ። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ወደ 400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጌሪ ፊሸር በ4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ፣ ጆ ብሪዝ በ4 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ የወረዱበት ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ በኋላው ሞዞ ውስጥ የተዘጋው ፍሬን እጅግ ስለሚግል ግራሶው ጢስ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህም ከወረዱ በኋላ ሞዞውን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ሆነባቸው፤ ውድድሩም ሪፓክ የተባለው ከዚሁ ዳግመኛ መሙላት የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመን የሚወደዱት ሞሮው፣ ኒው ዲፓርቸርና ቤንዲክስ የተባሉት ነበሩ። የሦስቱም ምሥጢር በመካከል ያለው ጥምዝ ጥርስ ያለው ብረት ነው፤ ወደ ፊት ሲረግጡ ይህ ብረት መያዣውን ወደ አንድ ወገን ስቦ ከሞዞው አካል ጋራ ያስተባብረዋል፤ ወደ ኋላ ሲረግጡ ግን ወደ ሌላው ወገን ገፍቶ ፍሬኑን ያስይዛል። በኒው ዮርክ ግዛት በኤልማይራ ከተማ የተሠራው ሞሮው ከነሐስ የተሠራውን እጅጌ ከውስጥ ገፍቶ ከሞዞው ግድግዳ ጋራ ያጣብቀዋል፤ የኮነቲከቱ ኒው ዲፓርቸር ደግሞ አንዱ ከፔርኖው፣ አንዱ ከሞዞው አካል ጋራ እየተፈራረቁ የተያያዙ ስስ ክብ ሰሌዳዎችን አንድ ላይ ይጨምቃል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን የሰሌዳ አሠራር ነው፤ ብዙ ስስ ሰሌዳዎች በአንድነት ሲጨመቁ የፍሬኑ የፍትጊያ ስፋት ምን ያህል እንደሚበዛ የተረዳ ሰው ያሰበውን አእምሮ ሳያመሰግን አያልፍም።

ይህን ዓይነቱን ሲፈቱ ፔርኖውን መንጋጋው በእንጨት ወይም በመዳብ በተሸፈነ ሞርሳ ያስይዙ፤ ክንዱን የያዘውን ዳዶ ፈትተው ክንዱን ያንሡ፤ የሚወጣውንም ሁሉ በወጣበት ተራና ፊቱ በነበረበት አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርድሩ። ከሰሌዳዎቹ አንዱ ተራውን ከሳተ ፍሬኑ አይይዝም። የሞዞውን የውስጥ ግድግዳ በብርሃን ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ቀለም ከታየበት ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ነበርና በጥንቃቄ ይመርምሩት። ሁሉን በነጭ ጋዝ አጥበው ካደረቁ በኋላ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀቡ፤ ፍሬኑም ራሱ በግራሶ ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ስለ ሆነ ግራሶ እንዳይነካው አይስጉ። መልሰው ሲገጥሙ ክንዱ በቴላዮው ላይ ጠብቆ መታሰሩን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ክንዱ ካልታሰረ በፍሬን ጊዜ ፔርኖው ራሱ ይዞራል፤ አደጋውም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

የተራራው ቢስክሌት ማርሽ ሲበዛለት ሌላ ችግር መጣ። ማርሾቹ በአንድነት በሞዞው ጫፍ ላይ በጥምዝ ይታሰሩ ስለ ነበር፣ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ይርቅና ፔርኖው በዚያ ወገን ያለ ድጋፍ ረጅም ሆኖ ይቀር ነበር፤ በድንጋያማ መንገድም ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ሽማኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው አሠራር ማርሾቹን የሚሸከመውን ክፍል ከሞዞው ጋራ አንድ አድርጎ ኩሽኔታውን ወደ ዳር ስላወጣው ይህ ችግር ቀለለ። ስለዚህ የቆየ ባለ ጥምዝ ሞዞ ካገኙ ፔርኖውን አውጥተው በመስታወት ላይ ያንከባሉት፤ በመካከሉ ብርሃን እየታየና እየጠፋ የሚሄድ ከሆነ ጎብጧልና ይለውጡት፤ ለማቃናት አይሞክሩ። ከሽማኖ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ትንሹ ማርሽ ራሱ በጥምዝ እየታሰረ ሌሎቹን የሚይዝባቸው አሉ፤ እነዚህን ለመፍታት ሰንሰለት የተያያዘባቸው ሁለት የማርሽ መያዣዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ትልቁን ማርሽ ሲይዝ ሌላው ትንሹን ይፈታል።

በነዚህ ሞዞዎች ውስጥ ብዮቹ ልቅ ሆነው የሚዞሩት ኮኖ በተባለው ሾጣጣ ብረትና በሞዞው ጽዋ መካከል ነው። ለፊተኛው 13፣ ለኋለኛው 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ቁልፍ ይዘው የግራውን ወገን ብቻ ይፍቱ፤ ቀኙ እንደ ነበረ ቢቀር መንኮራኩሩ በመካከል የቆመበት ልክ አይጠፋም። ከታች ሰፊ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ፔርኖው ሲወጣ ብዮቹ ይፈስሳሉና። በአብዛኛው በፊት በእያንዳንዱ ወገን 4.76 ሚሊ ሜትር የሆኑ 10፣ በኋላ 6.35 ሚሊ ሜትር የሆኑ 9 ብዮች ይገኛሉ። ቍጥራቸውን ጽፈው አሮጌዎቹን ሁሉ በአዲስ ይለውጡ፤ አሮጌና አዲስ የተቀላቀሉ እንደ ሆነ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት የበለጡት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አያቻኵሉት። ኮኖውን አጥበው አድርቀው ወደ መስኮት ብርሃን አቅርበው ሲያዞሩት፣ ብዮቹ የሄዱበት መንገድ አንድ ወጥ የሆነ፣ የሚያበራ ቀለበት መስሎ መታየት አለበት። ዐይን የማያየውን ለመለየት የእስክሪብቶ ጫፍ በዚያ መንገድ ላይ ቀስ አድርገው ያስኪዱ፤ ጫፉ ሳይደናቀፍ ከዞረ ኮኖው ጤነኛ ነው፤ በአንድ ስፍራ እንኳ ከተደናቀፈ ብረቱ መላጥ ጀምሯል፤ የተላጠ ኮኖ ደግሞ ራሱን ብቻ ሳይሆን ብዮቹንና፣ ከሁሉ የሚብሰውን፣ ከሞዞው የማይለየውን ጽዋ ያጠፋል። ጽዋውንም በዚሁ ብልሃት ይመርምሩ። ጽዋው ከተጎዳ ሞዞው ለመታየት እንጂ ለመጋለብ አይሁን።

ሲገጥሙ ጽዋውን በግራሶ ሞልተው ብዮቹን አንድ በአንድ ይትከሉ፤ ፔርኖውን አስገብተው ኮኖውን በጣት እስኪነካ ያጥብቁ፤ ከዚያም ጥቂት መልሰው በዳዶው ያስሩት። መንኮራኩሩ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚፈታ ባለ እጀታ ዓይነት ከሆነ፣ እጀታው ሲዘጋ ፔርኖውን በጥቂቱ ይጨምቀዋልና፣ ሞዞው በእጅዎ ሳለ እጅግ ጥቂት መወዛወዝ እንዲኖረው ይተዉት፤ በቴላዮው ላይ ገብቶ እጀታው ሲዘጋ ያ መወዛወዝ ፈጽሞ መጥፋት አለበት። እጀታው ሳይዘጋ ልክ የሆነ ሞዞ ከተዘጋ በኋላ ይጠብቃል፤ ሳይታወቅም ኮኖውን ይበላል።

ልቅ የሆኑትን ብዮች ትተው የታሸገ ኩሽኔታ የመረጡ ጠቢባን ደግሞ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 በሳን ሆዜ የተቋቋመው የፊል ዉድ ሥራ ቤትና ቡልስአይ የተባለውን ሞዞ የሠራው ሮጀር ዱራም ከዚህ ወገን ናቸው። ሐሳባቸው ኩሽኔታው እንደ ተዘጋ ሠርቶ ሲያረጅ እንዲለወጥ ነው። እዚህ የሚለካው የኩሽኔታው የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ነው፤ ለምሳሌ በመከለያው ላይ 6001 ተብሎ የተጻፈበት 12፣ 28 እና 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በማናቸውም የኩሽኔታ መደብር ይገኛል። አዲሱን ሲያስገቡ ኃይሉ በውጫዊው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ከገፉ ኃይሉ በብዮቹ አልፎ መንገዳቸውን ይጎደጉዳልና፣ ኩሽኔታው አንድ ሜትር ሳይሄድ ይሞታል። በመዶሻ መምታት ይቅር፤ ረጅም ቡሎንና ሁለት ሮንዴላ በቂ መጭመቂያ ነው።

ዊልደርነስ ትሬል ባይክስ በተባለው ማኅበር የነበረው ቻርሊ ካኒንግሃም ያሰበው፣ የኦሳካው ሰንቱርም ኤክስሲ ፕሮ በተባለው ዕቃው ላይ የተጠቀመበት ግሪስ ጋርድ ከዚህ የተለየ ነው። ጭቃ መግባቱ የማይቀር ከሆነ ገፍቶ ማስወጣት ይቻላል ብሎ የተነሣ አሠራር ነው፤ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባው አዲስ ግራሶ ከኩሽኔታው ጀርባ ይጀምርና በብዮቹ መካከል አልፎ አሮጌውን ወደ ውጭ ይነዳዋል። ስለዚህ ይህን ሞዞ ለመጠበቅ መፍታት እንኳ አያስፈልግም። ቀዳዳውን አስቀድመው ጠርገው፣ አፈ ቀጭን የግራሶ መርፌ አስገብተው፣ መንኮራኩሩን በአንድ እጅ እያዞሩ በሌላው በዝግታ ይግፉ፤ በመጀመሪያ ጥቍር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻም እንደ ገባ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ያቁሙ። ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ ከሆነ አሮጌው ግራሶ እንደ ሰም ጠንክሮ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል፤ ያን ጊዜ በኃይል ቢገፉ መከለያው ይወጣልና፣ ተፈትቶ ይታጠብ። እኔ እንደማምነው በዚያ ዘመን ከታሰበው ሁሉ ለተራ ጋላቢ የጠቀመ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ በብዙ ዘንድ አለመለመዱም ያሳዝናል።

ፔዳሉን ሲያቆሙ መንኮራኩሩ በነጻ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል በተለመዱት ሞዞዎች ላይ በሞላ የሚነሡና የሚወድቁ ጥቂት የብረት ምላሶች ናቸው። የስዊሱ ሁጊ፣ በኋላም ዲቲ ስዊስ የያዘው አሠራር፣ ምላሶቹን አስቀርቶ እንደ ወፍጮና እንደ መጁ ፊት ለፊት የሚጋጠሙ ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች አደረገ፤ ሞላዎች ስለሚገፏቸው ጥርሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይያያዛሉ፤ ጭነቱም በሁሉ ላይ ይከፈላል። ባለ 18 ጥርሱ በየ20 ዲግሪው ይይዛል። የክሪስ ኪንግ ሞዞ 72 ጥርስ ስላለው በየ5 ዲግሪው ይይዛል፤ ከቀለበቶቹም አንዱ በጥምዝ ጥርስ ላይ ስለሚንሸራተት፣ ጋላቢው በረገጠ መጠን ይበልጥ ይጣበቃል። በሁለቱም ላይ የሚበዛው ስሕተት ግራሶ ማብዛት ነው። ወፍራም ግራሶ በብርድ ጊዜ ቀለበቶቹን ያዘገያቸዋል፤ ጥርሶቹ በጫፋቸው ብቻ ተያይዘው ሲረገጡ ይፈናጠራሉ፤ ጋላቢውም በሽቅብ ላይ ይወድቃል። ጥርሶቹን በብሩሽ አጽድተው በጣት የተነካ ያህል ስስ ግራሶ ይቀቡ። የክሪስ ኪንግን ውስጥ ለመፍታት የራሱ የሆነ መሣሪያ አለና፣ ያ ሳይኖር በካቻቢቴ አይጀምሩ።

ትሩ ፕሪሲዥን የተባሉት ሠሪዎች ስቴልዝ ያሏቸውን ሞዞዎች ያዩ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ጥርስ የላቸውም፤ ትናንሽ ድቡልቡል ብረቶች በተዳፋት መካከል ገብተው በመጣበቅ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ድምፅ የላቸውም፤ የሚይዙትም በረገጡበት ቅጽበት ነው። የእነዚህ ሥራ በሙሉ በፍትጊያ የቆመ በመሆኑ ቀላል ዘይት እንጂ ግራሶ አይገባባቸውም።

በ1990ዎቹ የመጡት ሐምራዊና ቀይ፣ ወርቃማም ቀለም ያላቸው፣ እንደ ሪንግሌ ያሉት ሞዞዎች ለዐይን ደስ ያሰኛሉ፤ ይሁን እንጂ ቀለሙ ከአሉሚኒየሙ ጋራ የተዋሐደ ስስ ቆዳ ነውና ብርቱ የምድጃ ማጽጃና አሲድ ያነሣዋል፤ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። አካሉ ከካርቦን የተሠራው የሚሺጋኑ ኑክ ፕሩፍ የሚጠበቀው በሙጫው ነው፤ የካርቦኑ ቱቦ ሽቦዎቹ ከሚሰኩበት የአሉሚኒየም ክንፍ ጋራ የተገናኘበትን መስመር በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ በነጭ ጋዝም አይዘፍዝፉት። የፑልስታር ሞዞዎች አንገታቸው ያልታጠፈ ቀጥ ያለ ሽቦ ብቻ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ከአሮጌ መንኮራኩር ሲያወጡ ሽቦዎቹን አይቍረጡ፤ አንድ በአንድ ፈትተው ከሞዞው ጋራ ያኑሩ።

ማናቸውንም አሮጌ ሞዞ በአዲስ ቸርኬ ላይ ሲሠሩ፣ የቀድሞዎቹ ሽቦዎች በክንፉ ቀዳዳ ዙሪያ የተዉትን ምልክት ይከተሉ፤ አዲሱ ሽቦ በዚያው ጭረት ውስጥ ቢተኛ ክንፉ በሌላ አቅጣጫ ዳግመኛ አይቈሰልም። ሽቦዎቹን ከማእከል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው፣ ያለ መሻገር አይትከሉ፤ ያረጀ ክንፍ በዚያ ኃይል ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ስለሚጀምር፣ ሽቦዎቹ ከተወጠሩ በኋላ በቀዳዳዎቹ መካከል በጣት ጥፍር ዳብሰው ይፈትሹ።

ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ በሜዳ ላይ፣ ኋላም በአጭር ዳገትና ቁልቁለት ይሞክሩት፤ ከዚያ ሲመለሱ መንኮራኩሩን በጎን ይዘው ያወዛውዙ፤ ኮኖ ያላቸው በመጀመሪያው ጉዞ ጥቂት ይላላሉና፣ ከላሉ ዳዶውን ፈትተው ኮኖውን እጅግ በጥቂቱ አጥብቀው መልሰው ይሰሩት። ፍሬኑ በውስጡ ያለውን ግን በረጅም ቁልቁለት አይመኑት፤ እንዲህ ያለ ቢስክሌት በቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ በፊተኛው መንኮራኩር ላይ ሌላ ፍሬን ይኑረው፤ ከታች ሲደርሱም ሞዞውን በባዶ እጅ አይንኩት።